ፈረሱ ሲንገዳገድ መጀመሪያ እጅዎን ከአፉ ያውጡ

ጎንደር፣ አዘዞ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። አንድ የጋሪ ፈረስ ከጋሪው ተፈትቶ አጥር ሥር ቆሟል። ሲነዱት የኋላ እግሮቹ አይታዘዙለትም። የሰኮናው ጫፍ መሬቱን እየጫረ ይጎተታል። ሊዞር ሲሞክር ዳሌው ወደ አንድ ጎን ያጋድልና እንደ ምንም ተመልሶ ይቆማል። ማታ ጠጅ ቤት ያመሸ ሰው ነው የሚመስለው።

ሰዉ ከቦታል። ፈረስ ሲታመም ደግሞ ሐኪም የማይሆን ሰው የለም። አንዱ «ቡዳ በልቶት ነው» አለ። ሌላው «ምች ነው፣ ትናንት ላቡ ሳይደርቅ ውሃ አጠጥቶት» አለ። አንድ ጠና ያሉ ሰው ግን በሙሉ ልብ ተናገሩ። «ትል ነው። ወደ ላይ ወጥቶበት ነው። ቶሎ ጋተው!»

ባለጋሪው ለከብት የሚሸጥ ቦለስ፣ ትልቅ የትል መድኃኒት እንክብል፣ ከኪሱ አወጣ። ሰባብሮ በውሃ በጠበጠው። የቢራ ጠርሙስ ውስጥ ጨመረው። ከዚያ የፈረሱን ምላስ በግራ እጁ ወደ ጎን ጎትቶ ያዘና ጠርሙሱን ማስገባት ጀመረ። ፈረሱ አልዋጠም። መድኃኒቱ ከለሃጩ ጋር ተቀላቅሎ በባለጋሪው ክንድ ላይ ወረደ። ክንዱ ላይ ልጓም የጫረው ትኩስ ቁስል ነበር።

እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ከእነሱ ጋር ስውል ግን ብዙ ሰምቻለሁ። እና ጮኽኩ። «ቆይ ወንድሜ፣ እጅህን አውጣ!»

ለምን እንደጮኽኩ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ለሽማግሌው ፍትሕ ልስጣቸው። «ትል ወደ ላይ ወጣ» የሚለው ነገር ተረት አይደለም። ትል የፈረስን አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ሊጎዳ ይችላል። በዓለም ላይ በደንብ የተጠና ጉዳይ ነው። የደጋ ገበሬም በሌላ እንስሳ ላይ ያውቀዋል። በግ አንገቷን አጣማ በአንድ ቦታ ስትዞር፣ ከመንጋው ተለይታ ግንብ ስትገፋ «አዙሪት ያዛት» ይባላል። ስትታረድ አንጎሏ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ፊኛ ይገኛል። የዚህ ትል እናት የምትኖረው በውሻ አንጀት ውስጥ ነው። እንቁላሉ በውሻው ዓይነ ምድር ወጥቶ ሣር ላይ ይወድቃል፣ በጓ ትበላዋለች፣ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ (ገና ያላደገው ትል) በደም ተጉዞ አንጎሏ ውስጥ ይቀመጣል። እኛ ደግሞ ጭንቅላቷን ለውሻ እንወረውርና ዙሩን እናጠናቅቅለታለን።

የፈረሱ ግን ትንሽ ይለያል። የአዙሪቱ ትል በግ አንጎል ውስጥ የሚገኘው መንገዱ ስለሆነ ነው። የፈረስን ነርቭ የሚጎዱት ትሎች ግን አብዛኞቹ የጠፉ ናቸው። ወይ የተሳሳተ እንስሳ ውስጥ ገብተዋል፣ ወይ ትክክለኛው እንስሳ ውስጥ ሆነው መንገድ ስተዋል። አገሩን የማያውቅ እንግዳ ሌሊት ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ ሲሰብር እንደሚያድረው ማለት ነው። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ደግሞ ሰፊ ግቢ አይደሉም። ትንሽ ጉዳት እንኳ ቦታው ከከፋ እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

የታወቀው ምሳሌ ከእስያ ነው። ሴታሪያ ዲጂታታ የሚባል ነጭ ክር የመሰለ ትል አለ። በዳልጋ ከብት ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ ከአንጀት ውጭ ይኖራል። ከብቱን ብዙም አይጎዳውም። ልጆቹ በደም ውስጥ ይዋኛሉ፣ ቢንቢ ከደሙ ጋር ትመጥጣቸዋለች፣ በሷ ውስጥ አድገው ወደ ሌላ ከብት ይሻገራሉ። ችግሩ ቢንቢ አትመርጥም። አጠገብ የታሰረ ፈረስ፣ ፍየል ወይም በግ ካገኘች እሱንም ትነክሳለች። እጩ ፈረሱ ውስጥ ሲገባ ግራ ይገባዋል። ይንከራተታል። አንዳንዴ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ይገኛል። ሕንዶች ይህን በሽታ «ኩምሪ» ይሉታል። ከወገብ ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ፈረሱ ወገቡ ይከዳዋል። በጃፓን፣ በኮሪያና በስሪላንካም የታወቀ ነው።

ይህ ትል የእስያ ነው። እኛ ጋ ያሉት የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። አንደኛው የራሱ የፈረስ ትል ነው፤ ሴታሪያ ኢክዊና ይባላል። ፈረስ ሞቶ ሆዱ ሲከፈት እስከ አሥር ሳንቲሜትርና ከዚያም በላይ የሚረዝም ነጭ ክር አንጀቱ ላይ ሲንቀሳቀስ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርግም። አንዳንዴ ግን ዓይን ውስጥ ይገባል። «ፈረሴ ዓይን ውስጥ ትል ይዋኛል» ሲል የሰማችሁት ባለፈረስ ካለ አልዋሸም። በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ይህ አይደለም። በየመስኩ ያለው ነው። ስሙ ስትሮንጋይለስ ቩልጋሪስ። ባለሙያዎች ከፈረስ ደም መጣጭ ትሎች ሁሉ ክፉው ይሉታል። ታሪኩ የሚጀምረው ከፋንድያ ነው። እንቁላሉ ከፋንድያ ጋር ይወድቃል። ሙቀትና እርጥበት ካገኘ ይፈለፈላል፣ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ እጩ ሣር ላይ ይወጣል። ከክረምት እስከ ጥቅምት ሣሩ አረንጓዴ ሲሆን እሱም ይመቸዋል። ፈረሱ ሣሩን ይግጣል። እጩ የአንጀቱን ግድግዳ ሰርስሮ ትንንሽ የደም ሥሮች ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወደ ላይ፣ ከደሙ ፍሰት በተቃራኒ ይጓዛል። ለአንጀት ደም የሚያደርሰው ትልቁ የደም ሥር ጋ ሲደርስ ለወራት ይቀመጣል። የደም ሥሩ ግድግዳ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ደም ይረጋበታል። ከዚያ አድጎ ወደ አንጀት ይመለሳል። አዲስ እንቁላል ፋንድያ ላይ እስኪታይ ስድስት ሰባት ወር ይፈጃል።

የተለመደው ጉዳት ሆድ ቁርጠት ነው። የረጋው ደም ተቆርሶ የአንጀትን ደም ሥር ሲዘጋ አንጀቱ ይሞታል። ፈረሱ መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ጎኑን ዞሮ ያያል፣ ያልበዋል። ብዙ ባለጋሪ ይህን ያውቀዋል። አልፎ አልፎ ግን እጩ መንገዱን ይስትና ወደ ልብ አካባቢ ይወጣል። እዚያ ያረጋው ደም ሲቆረስ ወደ አንገት፣ ከዚያ ወደ አንጎል ይሄዳል። ወይም ትሉ ራሱ አንጎል ውስጥ ይገኛል። ፈረሱ ድንገት ይዞራል፣ ይወድቃል፣ ግድግዳ ይገፋል። ሰው ላይ ስትሮክ የምንለው ዓይነት ነገር ነው።

የዚህ ትል ታሪክ ደስ የሚል ምዕራፍ አለው፣ ከዚያ ደግሞ ደስ የማይል። አይቨርሜክቲን የሚባለው የትል መድኃኒት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገበያ ላይ ሲውል በአውሮፓና በአሜሪካ ትሉ ሊጠፋ ደረሰ። ሰዎቹ ፈረሶቻቸውን በየሁለት ወሩ ዝም ብለው ያክሙ ነበር። ይህ ሌሎች ትሎችን መድኃኒት አስለመደ። ዴንማርክ በ1999 (እ.ኤ.አ.) መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ምርመራ እንዳይሰጥ አደረገች። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ነገር ግን ክፉው ትል ቀስ ብሎ ተመለሰ። በጣም ብታክም አንዱ ይለምዳል፣ ብትቀንስ ሌላው ይመለሳል። እኛ ጋ ደግሞ ሁለቱም ችግር በአንድ ጊዜ አለ። አንዱ ፈረስ ዕድሜውን ሙሉ መድኃኒት አይቀምስም፤ ሌላው በየገበያው ቀን ግማሽ መጠን ይጋታል።

ሌላም አለ፤ ከሁሉም የሚያስፈራው። ሃሊሴፋሎቡስ ጂንጂቫሊስ። ይህ ጥገኛ እንኳ መሆን የለበትም። አፈርና የበሰበሰ ፍግ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚኖር፣ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊሜትር የማይሞላ ትል ነው። በቁስል በኩል እንደሚገባ ይታሰባል። አንዴ ከገባ ፈረሱ ውስጥ የሚገኙት ሴቶች ብቻ ናቸው። ያለ ወንድ ይራባሉ። ድድ፣ ኩላሊትና አንጎል ይወዳሉ። አንጎል ከደረሱ ፈረሱ አይተርፍም ማለት ይቻላል። ትሉን መጀመሪያ ያየው የፖላንዱ ስቴፋንስኪ ነው፤ ከፈረስ ድድ ላይ፣ በ1954 (እ.ኤ.አ.)። በ1975 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የካናዳ ሐኪሞች በፋንድያ መበተኛ ማሽን ክፉኛ የተጎዳ አንድ ትንሽ ልጅ በዚሁ ትል መሞቱን ጻፉ። ሰው ላይ በጣም ብርቅ ነው። ግን ቁስል ይዞ ፋንድያ በእጅ መዛቅ ጥሩ ልማድ እንዳልሆነ ይነግራል።

የአሜሪካውን የአጋዘን ትል በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው። ቀንድ አውጣ ተሸክማው ፈረስ ሲበላት አንገቱን እንደ ቀስት ያጎብጠዋል፤ እኛ ጋ ያ አጋዘን የለም።

ታዲያ አዘዞ ላይ ያየነው ፈረስ ትል ነው ወይስ አይደለም? አይቶ የሚናገር ሰው አይኖርም። ትል ሕብለ ሰረሰርን ሲነካ ብዙ ጊዜ ድንገት ይጀምራል። አንዱ ጎን ከሌላው ይብሳል። ትኩሳት ላይኖር ይችላል። ከሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ተቀድቶ በአጉሊ መነጽር ቢታይ የተወሰነ ዓይነት የደም ሴል ሊበዛ ይችላል። ፋንድያ መመርመር ደግሞ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም። ምክንያቱም የጠፋው ትል እንቁላል አይጥልም፤ እንቁላል የሚጥሉት ቤታቸው የደረሱት ናቸው። የመጨረሻው ማረጋገጫ ፈረሱ ሞቶ ጭንቅላቱና አከርካሪው ሲከፈት ነው። እኛ ጋ የሞተ ፈረስ ከሰፈር ወጣ ተደርጎ ይጣላል። ሌሊት ጅብ ይመጣል። ጠዋት ማስረጃውም የለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ባለበት ከተማ ይህ ትንሽ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ጩኸቴ ልመለስ።

የሚንገዳገድ፣ የማይውጥና ለሃጩ የሚዝረበረብ ፈረስ ጎንደር ላይ ሲታይ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ትል አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባለቤት የሌለው ውሻ በየቄራው ጀርባና በየቆሻሻው ክምር ያድራል። ፈረስ ሌሊት ውጭ ያድራል። ንክሻው አፍንጫ ወይም እግር ላይ ይሆናል፣ በጠጉር ይሸፈናል፣ ባለቤቱ አያየውም። በሽታው ከሳምንታት እስከ ወራት ተደብቆ ይቆያል። ሲወጣ ደግሞ እንደ ውሻ አያሳብድ ይሆናል። «እብድ» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ፈረስ ላይ ብዙ ጊዜ በኋላ እግር ድካም ይጀምራል። ዝም ይላል፣ መብል ይተዋል፣ ጉሮሮው ሽባ ሆኖ መዋጥ ያቅተዋል። ሰው አጥንት ወይም ድንች ጉሮሮው ላይ ቀርቶ ነው ብሎ እጁን እስከ ክርኑ ያስገባል። ወይም «ትል ነው» ብሎ ይግታል።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ትል ቢሆን አንድ ቀን መዘግየት ፈረሱን ይጎዳ ይሆናል። የእብድ ውሻ በሽታ ቢሆን ግን ያ እጅ የሰው ሕይወት ነው። ቫይረሱ ለሃጩ ውስጥ አለ። በጫረው ቁስል ይገባል። ሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ክትባት ከተወሰደ ደግሞ ይከላከላል። ስለዚህ ለሃጭ የነካው ሰው ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ይታጠባል። አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ይዛችሁ ሞክሩት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሄዳል። ጠበል ለመሄድ የሚፈልግም ይሂድ፣ ግን ክትባቱን ጀምሮ።

ፈረሱን በተመለከተ፣ ይታሰራል፣ ሰውና ውሻ አይጠጋውም፣ ውሃና ሣር ከርቀት ይቀርብለታል። የእብድ ውሻ በሽታ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ፣ ቢዘገይ በአሥር ቀን ገደማ ይሞታል። ከዚያ ካለፈ ሌላ ነገር መፈለግ ይጀመራል።

ሌላው ነገር ደግሞ በቅርብ አለ። ጓያ። ደንቢያና ፎገራ ጓያን ያውቁታል። በክፉ ዓመት ሰው ጓያ ላይ ብቻ ሲኖር እግሩን ይይዘዋል፤ በዱላ የሚሄዱ ሰዎች አይተናል። ፈረስ ደግሞ ለዚህ መርዝ በጣም ስሱ ነው። ጓያ ለሳምንታት ከተመገበ የኋላ እግሩ ይደክማል። አንዳንዱ ሲሮጥ ጉሮሮው ያጓራል፤ የጉሮሮው ነርቭ ተጎድቶ ነው። ገብስና ፉርሽካ ሲወደድ ባለጋሪ ርካሹን ይገዛል። የጓያ ክክ፣ የጓያ ገለባ፣ ከወፍጮ ቤት የተጠረገ። ማንም አይፈርድበትም። ቤንዚን በጠፋ ሰሞን ባጃጁ ሲቆም የከተማው ዕቃ በዚያ ፈረስ ጀርባ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ የሚበላው ግን የተረፈውን ነው።

ቴታነስም አለ፤ እሱ ግን ያገትራል እንጂ አያንገዳግድም። በአርሲና በባሌ ደግሞ በግንኙነት የሚተላለፍ የጋማ ከብት በሽታ አለ፤ ኋላ ላይ ወገብ ይሰብራል። ጎንደር ላይ ከእነዚህ በፊት ውሻውንና ጓያውን ጠይቁ።

ስለ መድኃኒቱም አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። አይቨርሜክቲን በጤናማ ሰውነት ወደ አንጎል በቀላሉ አይገባም። ለዚህ ነው ፈረሱን የማይመርዘው። ስለዚህ አንጎል ውስጥ የገባን ትል በአንድ ቱቦ መድኃኒት እናወጣለን ማለት አይሠራም። ሐኪሞች ሌላ መድኃኒት ለቀናት ደጋግመው ይሰጣሉ፣ ከዚያ ጋር እብጠት የሚቀንስ ይጨምራሉ። ትሉ ቢሞት እንኳ የተቀደደው ነርቭ አይጠገንም። አይቨርሜክቲን ከመጠን በላይ ሲሰጥ ደግሞ ራሱ ያንገዳግዳል፣ ያሳውራል። ሌላው የትል መድኃኒት ሌቫሚዞል ከዚያ የባሰ ነው፤ የሚጠቅመውና የሚጎዳው መጠን ፈረስ ላይ በጣም ይቀራረባል። ለበግና ለከብት ተብሎ የተሠራውን መርፌ አንገት ላይ መውጋትም ሥጋውን ሊያበሰብስ ይችላል። ለፈረስ የሚሻለው በአፍ የሚሰጠው ነው፤ ጤነኛ ለሆነ፣ መዋጥ ለሚችል ፈረስ ማለቴ ነው።

ከመድኃኒቱ የሚበልጥ ነገር ግን አካፋ ነው። ፋንድያው በሳምንት ሁለቴ ከግጦሹ ከተነሳ እጩ ሣር ላይ አይደርስም። ከብት ፈረሱ የጋጠበትን ቢከተል ይጠቅማል፤ የፈረስ ትል ከብት ሆድ ውስጥ ይሞታል። ነጻ ነው፣ ማዘዣ አይጠይቅም። ለፈረሱ ዞብል መቃብር ሠራ በሚባልለት ንጉሥ ከተማ፣ ካሳ (አፄ ቴዎድሮስ) ራሱ በፈረሱ ስም «አባ ታጠቅ» ተብሎ በተጠራበት አገር፣ ለፈረስ አንድ አካፋ መያዝ ውርደት አይመስለኝም።

ባለጋሪው ክንዱን ታጠበ። እያጉረመረመ፣ ግን ታጠበ። ቀስ ብሎም ጤና ጣቢያ ሄደ። የመጣው የእንስሳት ሐኪም ገና ሳይነካው ጠየቀ። «ውሻ ነክሶታል? ምንድነው የሚበላው?» ውሻ አላየም። መብሉን ሲጠየቅ መሬት መሬት አየ። ከደንቢያ የመጣ ጓያ ነበር፣ ከሰኔ ጀምሮ።

ፈረሱ አጥር ግቢ ውስጥ ለብቻው ታሰረ። ጓያው ቀረ። በአሥረኛው ቀን ሄድኩ፤ ቆሟል። ሣር ይበላል፣ ይውጣል። በአሥራ ሁለተኛውም ቆሟል። የግራ እግሩ ጫፍ ግን አሁንም መሬት ይጭራል። ሐኪሙ ከልብስ ሰፊ የተዋሰውን ሜትር ይዞ መጣ። ደረቱን ዙሪያውን ለካ፣ 145 ሳንቲሜትር። ከትከሻው እስከ መቀመጫው 130። ደረቱን በራሱ አባዛ፣ በቁመቱ አባዛ፣ ለ11,880 አካፈለ።

«230 ኪሎ» አለ።

«ኧረ ዶክተር፣ እኔ ሦስት ኩንታል ተኩል ብዬ ነበር የበጠበጥኩት።»

«አውቃለሁ። ጠርሙሱን አይቼዋለሁ» አለና ፋንድያውን ለመውሰድ ጓንቱን ማጥለቅ ጀመረ።